«ያቀናችሁት የማንን ነው?»

ነገሩ ሊበላሽ የነበረው በአንድ ግስ ነው።

ሽማግሌዎቹ አራት ነበሩ። ሦስቱ አዲስ አበባ የሚኖሩ፣ ሽምግልና የለመዱ ሰዎች ናቸው። አራተኛው የልጁ አያት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ከጓሳ ጥግ ካለ መንደር የመጡ አዛውንት ናቸው። መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ጠብቀው፣ በሞላሌ አድርገው ጣርማ በር ደርሰው፣ ደብረ ብርሃን አድረው ነው አዲስ አበባ የገቡት። «የልጅ ልጄን ሚስት ሌላ ሰው አይጠይቅልኝም» ብለው።

የልጅቱ ወገኖች የወላይታ ሰዎች ናቸው። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌ የተቀበሉት አጎቷ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለቱም ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚፈራው የሃይማኖት ክርክር የለም። ልጁና ልጅቱም ከተዋወቁ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የተሄደው ወግ ለማድረስ ያህል ነበር ማለት ይቻላል።

እንደ ወጉ ሽማግሌዎቹ «የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም» አሉ፤ ተለመኑ፤ ተቀመጡ። ልጃችሁን ለልጃችን ተባለ። መምህሩም እንደ ወጉ «ልጁ የማን ልጅ ነው? ከየት ነው?» ብለው ጠየቁ። ይኼኔ አያትየው ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከመሐል ሜዳ ጀምሮ ሲያሰላስሉት የመጡትን ተናገሩ።

«ልጃችን የአቅኚ ዘር ነው። አባቶቹ አገር ያቀኑ ናቸው።»

ቤቱ ዝም አለ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ እንኳ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። መምህሩ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ በአክብሮት፣ «አባቴ፣ ያቀናችሁት የማንን ነው?» አሉ።

አዛውንቱ ጥያቄው አልገባቸውም። እንደ ቅን ሰው የሚያውቁትን መለሱ። «የማንም አልነበረ፤ ጠፍ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተባለው ጥቂት ነው። ከዘመድ ተማክረን መልስ እንሰጣለን፣ የዛሬ አሥር ቀን ተመለሱ ተባሉ። የልጅ ወገን የሆነ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል። የወግ ቀጠሮ ይሁን እምቢታ፣ ሰምቶ መለየት አይቻልም። ልጁም ሊለየው አልቻለም።

አዛውንቱ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ መኪና ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «ምን ብዬ አስቀየምኩ?»

ጥያቄያቸው የዋህ ይመስላል፤ ሆኖም ቀላል አልነበረም። ምክንያቱም ያ ቃል መንዝ ውስጥ የስድብም የጉራም ቃል አይደለም። የመታወቂያ ቃል ነው።

በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ መሬት ለዘመናት የተያዘው በርስት ነበር። ርስት ደግሞ የሚቆጠረው ከአንድ ሰው ነው፤ ከአቅኚ አባት። አቅኚ አባት ማለት መጀመሪያ መጥቶ፣ መንጥሮ፣ አርሶ፣ ወሰን ያበጀ ሰው ነው። ከእርሱ የወረደ ሁሉ፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ፣ የመሬቱ ድርሻ አለው። ድርሻውን ያጣ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ እስከ አቅኚው ድረስ ይቆጥራል። አንድ ስም ቢዘል ተቃዋሚው ይነሣበታል። ሰዎች ዕድሜያቸውን በዚህ ሙግት ጨርሰዋል፤ ልጆቻቸውም ሙግቱን ወርሰዋል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ መንዝ ገበሬ ሲጽፍ፣ ለርስት ያለውን ፍቅር ሳያነሣ ሊያልፍ ያልቻለው ለዚህ ነው። መንዝም ራሱ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የተከፈለው በሦስት ቀደምት አባቶች ስም እንደሆነ ይተረካል። (በነገራችን ላይ ላሎ የሚባል ስም ወለጋም አለ፤ ጌራም ጅማ አካባቢ አለ። ስም ከስም ስለገጠመ ዝምድና አለ ማለት አይደለም። ግን «እኛ ከሌላው ጋር ምንም የለንም» የሚል ሰው ካርታውን ቢያየው አይጎዳውም።)

አዛውንቱ ያደጉበት የጓሳ አገር ደግሞ የዚህ ቃል ዋናው ቤት ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አሉበት። ጓሳን የመጠቀም መብት የነበረው አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች እወርዳለሁ የሚል ሰው ነው። ታሪኩ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጀምራል ይባላል። ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው ጓሳውን ያስጠብቃል። ሣሩ እስኪደርስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሲከፈት ሁሉም እኩል ያጭዳል፤ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣል። በዝግ ወቅት ሣር ሲያጭድ የተገኘ ሰው የአቅኚ ዘር ነኝ ቢል አያድነውም። እንዲያውም በዘሩ ምክንያት የበለጠ ይወቀሳል።

እንግዲህ አዛውንቱ «የአቅኚ ዘር ነው» ሲሉ ያሉት ይህንን ነው። ልጃችን ሥር አለው፤ አያቱ እስከ ስንት ትውልድ ይታወቃል፤ ከየትም የመጣ አይደለም፤ ሥርዓት ያውቃል። ለሴት ልጅ ወገን ከዚህ የተሻለ ዋስትና አለ ብለው አላሰቡም።

መምህሩ የሰሙት ግን ሌላ ነው። የሰሙት እንዲሁ ሆድ ብሷቸው፣ ወይም የዘመኑ ፖለቲካ አናታቸው ላይ ወጥቶ አይደለም። ቃሉ ራሱ ሁለት መንገድ ሄዷል።

ግሱ ከሥሩ ሲታይ ድሃ አይደለም። ቀና ማለት አልጎበጠም፣ አልጠመመም ማለት ነው። ቅን ሰው ልቡ ያልጠመመ ነው። ነጋዴ ገበያ ውሎ ሲገባ «ዛሬ ቀናኝ» ወይም «አልቀናኝም» ይላል፤ እዚህ ላይ ትርጉሙ ዕድል ሆነ። አዝኖ የተቀመጠን ሰው «ቀና በል እንጂ» እንለዋለን። የተጣመመ ሽቦ ይቃናል፣ የተበላሸ ጉዳይ ይቃናል። ዜና አንባቢው «ልዑካኑ ወደ ቤይጂንግ አቀኑ» ሲል ፊታቸውን አዞሩ፣ መንገድ ጀመሩ ማለቱ ነው። ቅናትም እዚሁ ቤት ይኖራል። በጎረቤት የሚቀናው ሰውና ቀናው ሰው በድምፅ አንድ ናቸው። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ራሱ ቀናኢ ተብሎ ተጠርቷል፤ ለሚወደው የሚቆረቆር ማለት ነው።

መቆረቆር ከተነሣ አይቀር፣ አማርኛ ከተማን ለመመሥረት የሚጠቀምበት ሌላ ግስ አለው፤ ቆረቆረ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች እንላለን። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠርም ይቆረቁራል። አገር የመመሥረቻ ግሶቻችን አንዱ ያስቀናል፣ አንዱ ይቆረቁራል። ይህን ሆን ብሎ ያደረገው የለም፤ ግን ሥነ ቃል የሚወድ ሰው ሳይስቅ አያልፈውም።

የመንዙ አቀና ታዲያ እንዴት አድርጎ ወላይታ ደረሰ? ከደጋው ወርዶ ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የተነሣው ከዚያው ከመንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአጋንቻ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እየተዋጉ፣ እየሰፈሩ፣ ወደ ይፋትና ወደ ተጉለት ወረዱ፤ አንኮበርን ያዙ። ሣህለ ሥላሴ ግዛቱን ወደ ደቡብ ገፋ። የልጅ ልጁ ምኒልክ ደግሞ እስከ ዛሬው ድንበር አደረሰው። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከቡልጋ የወጣው ወታደር ቋንቋውን ይዞ ወረደ፤ ከቋንቋው ጋር ያንን ግስ። አያቱ ዳገት ላይ ድንጋይ ለቅሞ፣ ቁጥቋጦ መንጥሮ ማሳ ሲያወጣ የተጠቀመበትን ቃል፣ እርሱ ሰው ለሚኖርበት፣ እርሻ ለታረሰበት፣ ንጉሥ ለነበረው አገር ተጠቀመበት።

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. ንጉሥ ነበረው፤ ካዎ ጦና። ዘመቻው ከከፉት ዘመቻዎች አንዱ ነበር። ከሠራዊቱ ጋር አብሮ የሄደ ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ ያየውን ጽፎ በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የሞተውን ሰው ብዛት፣ የተነዳውን ከብት፣ የተከፋፈለውን ምርኮኛ። ካዎ ጦና ቆስሎ ተማረከ። ከዚያ በኋላ በብዙ የደቡብ አገር መሬቱ በቀላድ ተለካ፣ ገበሬው ገባር ተባለ፣ ነፍጠኛውም በላዩ ተሾመ። ወታደሩ ወደ መንዝ መልእክት ሲልክ ምን ብሎ እንደላከ መገመት አያስቸግርም። አቀናን።

ልጁ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በከፊል ነው። የቀረውን ያወቀው በእነዚያ አሥር ቀናት ነው። እንደ ዘመኑ ሰው መጀመሪያ የሄደው ወደ ስልኩ ነው። «አገር ማቅናት» ብሎ ሲፈልግ ያገኘው ሁለት ሰልፍ ነው። አንዱ ሰልፍ «አባቶቻችን አገር አቀኑ» እያለ ሰንደቅ ያውለበልባል። ሌላው ሰልፍ «አቅኚ ማለት ቅኝ ገዢ ማለት ነው፣ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል» እያለ ይሳደባል። ሁለቱም ቃሉን ፈትተው አላዩትም።

ልጁ ግን ፈታው፤ ደስም አለው። አቅኚ የሚለው ከአቀና የወጣ ነው፤ ለመነ ለማኝ እንደሚል፣ ነው ወደ ኝ ዞሮ። ቅኝ ግዛት ውስጥ ያለው ቅኝ ግን ወደ ግዕዙ ቀነየ ይወስዳል። ገዛ፣ አስገበረ ማለት ነው። ተቀንየ ሲል ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። ቅኔም ከዚያ የወጣ ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መገዛት፣ አገልግሎት። ስለዚህ አቅኚና ቅኝ የሚመሳሰሉት በመልክ ነው፤ ሥራቸው አንድ አይደለም። ልጁ ይህን መልስ ይዞ በአምስተኛው ቀን ብቻውን ወደ መምህሩ ቤት ሄደ። አያቱ አልላኩትም። እጮኛውም «አትሂድ» ብላው ነበር።

መምህሩ እስከ መጨረሻው ሰሙት። አንድም ቦታ አላቋረጡትም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው የተማሪን መልስ እንደሚሰማ ነው የሰሙት።

«ልክ ነህ» አሉት። «ዘሩን በደንብ ለይተኸዋል። እኔም ክፍል ውስጥ እንዲሁ ነበር የማስተምረው። ግን ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ኝ አይደለም። አ ነው።»

ልጁ አልገባውም።

«አ ምን ያደርጋል?» አሉት መምህሩ። «ገባን አገባ ያደርገዋል። ወጣን አወጣ። በላን አበላ። ያልነበረውን እንዲሆን ያደርጋል። አቀና ስትል፣ ቀና አደረገ ማለትህ ነው። ቀና የተደረገው ነገር ደግሞ አስቀድሞ ጠማማ መሆን አለበት። ጫካ ብታቀና ምንም አይደለም፤ ጫካው አይቀየምም። የእኔን ቅድመ አያት አገር አቀናሁ ስትል ግን ቅድመ አያቴ ጠማማ ነበሩ ማለትህ ነው። እሳቸው ደግሞ ገበሬ ነበሩ። እንሰታቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር።»

ለዚህ ልጁ መልስ አልነበረውም። የአገራችን የታሪክ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከዚህ ቀድሞ ነው። ምን ያህል ሰው ሞተ፣ ማን ማንን ወረረ፣ የአገር አንድነት ነው ወይስ ወረራ፤ እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ጥያቄዎች ናቸው፤ የታሪክ ሰዎች ይከራከሩባቸው። ሰው ሳሎን ውስጥ የሚያደማው ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ጠማማ ተብዬአለሁ የሚል ነው። ተናጋሪው ደግሞ እንዲያ ማለቱን ጨርሶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊው አለ፣ አገሩ አለ፣ አገሩ ውስጥ የነበረው ሰው ግን የለም። «አገር አቀኑ»። ከማን ጋር? በማን ላይ? ሰዋስው አያስገድድም፣ ስለዚህ አይነገርም።

በዚህ አማርኛ ብቻውን አይደለም። ፈረንጆቹ «ኮሎናይዝ» የሚሉት ቃል ሥሩ ላቲን ነው። ኮሎኑስ ገበሬ ነው፤ የወጣበት ግስም ማረስ፣ ማልማት ማለት ነው። ባህል የሚሉት «ካልቸር» እንኳ ከዚሁ ግስ ነው የወጣው። የሮም ጡረተኛ ወታደር በተያዘ አገር መሬት ተሰጥቶት ያርሳል፤ የሰፈረበት ቦታ ኮሎኒያ ይባላል። የጀርመኗ ኮሎኝ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። እነሱም ዘንድ ነገሩ በማረሻ ተጀምሮ በጠመንጃ ጨረሰ፤ ቃሉ ግን እስከ መጨረሻው የገበሬ ልብሱን አላወለቀም። አገር የያዘ ሰው ሁሉ፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ያዝኩ ከማለት አረስኩ ማለት ሳይቀለው አይቀርም።

እዚህ ላይ ለመንዝ ሰው ፍርድ መስጠት ይገባል። መንዝ ውስጥ አቀና የሚለው ግስ እንዲህ ልቅ አልነበረም። ዳኛ ነበረው። አቅኚ ነኝ፣ የአቅኚ ዘር ነኝ የሚል ሰው ተጠይቆ፣ ቆጥሮ፣ ምስክር አቅርቦ፣ ተሟግቶ ነው የሚረጋገጥለት። ተቃዋሚው እዚያው አጠገቡ ቆሞ «አይደለም፣ ያንተ አባት በኋላ ነው የመጣው» ይለዋል። ጓሳንም ያቀና ወገን ራሱ ይዘጋዋል፤ ራሱን ይቀጣል። ቃሉ ወደ ታች ሲወርድ የጠፋው ይኼ ነው። ዳኛውና ተቃዋሚው ደጋው ላይ ቀሩ፤ ግሱ ብቻውን ወረደ። ወላይታ ላይ ቆሞ «የለም፣ እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት» የሚል ሰው ቢኖር፣ የሚሰማው ችሎት አልነበረም።

ርስቱም ቢሆን ከዚያ ብዙ አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በደቡብ ጭሰኝነትን፣ በሰሜን ርስትን በአንድ ቀን ሻረ። ለወላይታው ገበሬ ነጻነት ሆነ። ለመንዙ ገበሬ ግራ ሆነበት፤ አባቶቹን መቁጠር ዋጋ አጣ። የቀሮ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳ ለጥቂት ዓመታት ለማንም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ኋላ ሰዉ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የክልሉም ሕግ ደግፎት፣ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመለሰ። አዛውንቱ በዚህ ኮሚቴ አገልግለዋል። የመሬቱ መብት በዘር መቁጠር ከቀረ ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም፣ እሳቸው ዛሬም ሳይሳሳቱ ይቆጥራሉ። ሲቆጥሩ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያዘግማሉ። የቅድመ አያታቸው ወንድም ጋ ሲደርሱ «እሱ ወደ ታች አገር ወርዶ ቀረ» ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋሉ።

ልጁ ይህን ቅርንጫፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል። የት ወረደ ብሎ ጠይቆ ግን አያውቅም ነበር። በስምንተኛው ቀን ማታ ጠየቀ።

«በምኒልክ ዘመን ነው» አሉ አያትየው። «ከጦር ጋር ሄደ። ርስቱ ግን አልተነካም፤ ልጆቹ ቢመጡ ይካፈሉ ነበር። አልመጡም።»

«የት ነበር የሄደው?»

«ወላሞ ሲሉ እሰማ ነበር።»

ልጁ ያ ስም ዛሬ እንደማይባል፣ ሰዎቹም እንደ ስድብ እንደሚቆጥሩት ነገራቸው። አዛውንቱ ተገረሙ። «ስማቸው መስሎኝ» አሉ። ከዚያም መምህሩ ስለ አ ያሉትን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት ቤተ ክህነት ነው። ሰዋስው አልተማሩም፤ ነገሩ ግን ወዲያው ገባቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎ የተናገሩት ልጁን አስቆጣው፤ «እንግዲያ ሌላ ቃል ይስጡኝ» አሉ። ልጁ ግትርነት መሰለው። ነገ ከነገ ወዲያ የሚሄዱበት ቤት አለ፣ እሳቸው ደግሞ ስለ ቃል ይደራደራሉ።

በአሥረኛው ቀን አራቱም ሄዱ። ከአዲስ አበባዎቹ አንዱ፣ ነገሩን ለማብረድ፣ «ያን ቀን የተባለው በክፋት አይደለም፣ ይቅር ይባላል» ብለው ጀመሩ። አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«ይቅርታውን እኔ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ግን መምህርን አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «የእኔ አባቶች ጓሳ ሲመጡ ሣርና ቀበሮ ነው ያገኙት ሲባል ነው የሰማሁት። መነጠሩ፣ አረሱ፣ ወሰን አበጁ። እሱን ምን ልበለው?»

መምህሩ አሰቡ። «ሰፈሩበት ይበሉ» አሉ።

«ሰፈሩ ለድንኳን ነው» አሉ አዛውንቱ። «ዛሬ ሰፍሮ ነገ የሚነሣ ነው። የኔ አባቶች አልተነሡም።»

መምህሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታ ነበር። «እንግዲያ ለጓሳ አቀኑ ይበሉ። እኔ ለሣር አልከራከርም።»

«ለእናንተ አገርስ?»

ቤቱ እንደገና ዝም አለ። ይህኛው ዝምታ ግን ያለፈውን አይመስልም። መምህሩ መልሱን እሳቸው ሊሰጡ እንዳልፈለጉ ያስታውቃል፤ እንደ ጥሩ አስተማሪ፣ ጠብቀው ዝም አሉ።

«ያዙ» አሉ አዛውንቱ። «ጓሳን አቀኑ፤ ወላይታን ያዙ። የአያቴ አጎት ከያዙት ጋር ነበር። ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ አልተነገረኝም። ደግ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይነገረኝ ነበር።»

መምህሩ ስለ ቅድመ አያታቸው እህት ተናገሩ። በዚያ ዘመቻ ልጅ ሆና ተማርካ ሄዳለች፤ ወዴት እንደተወሰደች አልታወቀም። እናታቸው ስሟን ለማንም ልጅ እንዳያወጡት ከልክለው ነበር። ይህንን ለልጅቱ እንኳ ነግረዋት አያውቁም ነበር፤ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነው ያወቀችው።

ከዚያ በኋላ ስለ ሠርጉ ቀን ተነጋገሩ። በፋሲካ ማግስት ይሁን ወይስ እስከ ጥር ይቆይ የሚለው ከግሱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። አዛውንቱ ጥር ይሻላል አሉ፤ አጨዳው አልቆ ሰዉ ይመጣል። የልጅቱ እናት ደግሞ ዕረፍት የሚያገኙት በፋሲካ ነው። ጥር ሆነ። ድግሱ በሁለቱም ወገን ይደረግ፣ የመልሱ ሶዶ ይሁን ተባለ። አዛውንቱ ወላይታን አይተው አያውቁም፤ «እመጣለሁ» አሉ። ሁሉም ዕድሜያቸውን እያሰበ ዝም አለ፣ እሳቸው ግን ደጋግመው «እመጣለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ መምህሩ ራሳቸው ወደ መናኸሪያ ሊሸኟቸው መጡ። ይህ ወግ አይደለም፤ የልጅ ወገን ይሸኛል እንጂ የልጅቱ ወገን አይሸኝም። የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሾፌሩም «እስከ ደብረ ብርሃን ነው የምናገረው» ብሏል። አዛውንቱ ደረጃው ላይ ሲወጡ መምህሩ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው፣ «በሉ አባቴ፣ መንገዱን ያቅናልዎ» አሏቸው።

«አሜን» አሉ አዛውንቱ፤ ከዘራቸውን ለረዳቱ እያቀበሉ።

ደብረ ብርሃን ሦስት ቀን ቆዩ። በአራተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት በጭነት መኪና ጣርማ በር ደረሱ፤ ከዚያ ሌላ መኪና አግኝተው መሐል ሜዳ ገቡ። ልጁ ስልክ ሲደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም። «ሶዶ በስንት ሰዓት ይገባል?» ነበር ያሉት።